አንድ ለአንድ፦ የቤተ እስራኤል ጋብቻ ከጎንደር እስከ ሮቫ ዩድ

በእስራኤል አገር በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ያለችው የዛሬዪቱ አሽዶድ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ ሰፈሮቿ በዕብራይስጥ ፊደላት ተራ ስለሚጠሩ ሮቫ ዩድ የተባለው ሰፈር በዐሥረኛው ፊደል ይታወቃል። የከተማይቱ ስም ግን ከዚህ እጅግ አስቀድሞ በብሉይ ኪዳን የተጻፈ ነው፤ በመጽሐፈ ነህምያ ዐሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ፣ ከአይሁድ አንዳንዶቹ የአሽዶድን ሴቶች አግብተው ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ቋንቋ እንደ ሳቱ፣ ነህምያም ስለዚህ ነገር እንደ ተቈጣ ተነግሯል። እንግዲህ ጋብቻ ማንን ከማን ያዛምዳል፣ ልጅስ የማንን ሥርዐት ይወርሳል የሚለው ጥያቄ ለዚህች ምድር እንግዳ አይደለም፤ ከጎንደርና ከአካባቢው ወጥተው እዚህ ለሰፈሩት የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ልጆችም ዛሬ ሕያው ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ቤተ እስራኤል በኖሩበት በሰሜን ኢትዮጵያ፣ ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖች የሚጋቡበት ሥርዐት ከአንድ በላይ ነበር። ከሁሉ የከበረው፣ ባልና ሚስት ሥጋ ወደሙን በአንድነት ተቀብለው የሚተሳሰሩበት የቁርባን ጋብቻ ነው፤ ይህ እንዳይፈታ ሆኖ የሚታሰር ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ሕዝብ በእማኝና በዋስ ፊት በውል በሚቆመው፣ ሳይስማሙም ሲቀሩ ንብረት ተካፍሎ መለያየት በሚቻልበት በሰማንያ ይኖር ነበር፤ ከዚህም ዝቅ ብሎ፣ ነጋዴውና ወታደሩ ከአገሩ ርቆ ሳለ ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የሚገባበት የደመወዝ ጋብቻ ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ሦስቱን ጋብቻዎች አጸና፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በጋብቻ ላይ ጋብቻን ከልክሎ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት ለኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት መብት ሰጥቷል።

ቤተ እስራኤል ግን በሕገ ኦሪት እየተመሩ፣ አበው ያዕቆብና ዳዊት ብዙ ሚስቶች እንደ ነበሯቸው ከዚያው ከመጽሐፍ እያነበቡ፣ ራሳቸው አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት በሚለው ሥርዐት ጸንተው ኖረዋል። ይህንንም ያስጠበቃቸው የመንግሥት ዐዋጅ ሳይሆን ዘመድና ሽማግሌ ነው። ወላጆች ለልጃቸው ሙሽራ ሲያስቡ፣ ከገንዘብና ከመልክ በፊት የሚጠየቀው የዘር ሐረግ ነበር፤ በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ተቈጥሮ ዝምድና ቢገኝ፣ ነገሩ በዚያው ይቀራል። በአይሁድ መካከል የአጎት ልጅን ማግባት በሕግ የተፈቀደ፣ በብዙ ማኅበርም የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ የቤተ እስራኤል ሽማግሌ ይህን እንደ ታላቅ ነውር ይቈጥረዋል።

ሐረጉ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ የወንዱ አባት ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም በልጅቷ አባት ቤት ተቀምጠው ይለምናሉ፣ ቃልም ይቀበላሉ። ሠርጉ ሲደርስ የማኅበሩ ካህን የሆነው ቄስ በሙሽራው ቤት ነጭና ቀይ ክር አዘጋጅቶ፣ ከጸሎት ጋር ከሙሽራው እግር ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱም ወደ ግንባሩ አንሥቶ ያስርለታል፤ ነጩ የሙሽራው ንጽሕና፣ ቀዩ የሙሽራዪቱ ድንግልና ምልክት ነው። ከዚህ በኋላ ሙሽራው በሚዜዎቹ ታጅቦ ወደ ሙሽራዪቱ ቤት ይሄዳል። ጠብ ቢነሣ የሚያስታርቁት፣ ዕርቅ ባይሆንም ንብረቱን የሚያካፍሉት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ጋብቻው ከሁለቱ ሰዎች አልፎ የሁለት ቤተ ዘመድ ኪዳን ነበር።

በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ ወደ አንድ ለአንድ ጋብቻ የደረሱት በሌላ መንገድ ነው። ረቢ ገርሾም እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ በጀርመን አገር ሆኖ ከአንዲት በላይ ማግባትን አወገዘ፤ ውግዘቱ ግን የየመንን አይሁድ አላሰረም ነበርና፣ ከየመን ወደ እስራኤል ከገቡት አንዳንዶቹ ሁለት ሚስት ይዘው መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 የእስራኤል ረቢዎች የበላይ አካል የሆነው ዋናው ራባኑት ክልከላውን በአገሪቱ ላሉት ማኅበራት ሁሉ አዳረሰው፤ የወንጀል ሕጉም በሚስት ላይ ሚስት የሚያገባውን እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣው ሕግ የአይሁድን ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት ሥር ስላደረገ፣ ይህን የማይፈልጉ ወደ ቆጵሮስ ተሻግረው ይጋባሉ፤ ሌሎችም ሳይጋቡ አብረው ይኖራሉ፤ ሕግም ለእነዚህ ብዙ መብት ይሰጣል።

ቤተ እስራኤል በራባኑት ደጅ ያገኛቸው ፈተና መራራ ነበር። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ከነገደ ዳን የተወለዱ አይሁድ መሆናቸውን ቢመሰክሩላቸውም፣ በሙሴ ዘመቻ ከሱዳን ለመጡት ራባኑት ጋብቻቸውን ከመመዝገቡ በፊት በመንጻት ውኃ እንዲጠልቁ አዘዘ። ሃይማኖታቸውን በብዙ መከራ ጠብቀው፣ በሱዳን በረሃ ወገኖቻቸውን ቀብረው ለገቡ ሰዎች፣ ይህ አይሁድነታቸውን እንደ መካድ ተሰማቸው፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም ከዋናው ራባኑት ፊት ለፊት ተቀምጠው ለአንድ ወር ያህል ተቃወሙ። የናታኒያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለዚህ ግዴታ ጋብቻቸውን ስለ ፈጸሙላቸው፣ ብዙ ሙሽሮች ወደ እርሳቸው ሄዱ። ይሁን እንጂ ቄሱ በራሱ ሥልጣን አጋብቶ በመንግሥት መዝገብ የማስጻፍ መብት አላገኘም።

ዛሬ የቤተ እስራኤል ልጆች በሁፓ (በሠርግ ድንኳን) ሥር ቆመው፣ ከቱባ (የጋብቻ ውል) ተጽፎላቸው፣ በአዳራሽ ይዳራሉ። ሽምግልናው ግን አልቀረም፤ የወንዱ ሽማግሌዎች አሁንም ወደ ልጅቷ ወላጆች ይሄዳሉ፣ ሰባት ቤትም ይቈጠራል። በትምህርት ቤት ወይም በሠራዊት ተዋውቀው የተፋቀሩ ወጣቶች፣ ዝምድናቸው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቤት ተገኝቶ በኀዘን የሚለያዩበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ኀዘን የሚመጣው ሐረጉ በሽማግሌው አእምሮ ብቻ ስለ ተያዘ፣ ልጁም ከመውደዱ በፊት ሊያውቀው ባለመቻሉ ነው።

የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ከቱባ የባልን ግዴታ ይጽፋል፣ ፍርድ ቤትም ሁለተኛ ሚስት በሚያገባው ላይ ይፈርዳል፤ ነገር ግን ባልና ሚስት በተጣሉ ማታ መጥቶ የሚያስታርቅ፣ ሙሽሮቹም ከማን እንደ ተወለዱ የሚመሰክር የሕግ አንቀጽ የለም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሽማግሌዎች በየዓመቱ ቍጥራቸው እያነሰ ነው። በሮቫ ዩድም ሆነ በሌላው ሰፈር ያለ ቤተሰብ፣ አያቱ በሕይወት ሳሉ ስማቸውን፣ የተወለዱበትን መንደር፣ የወላጆቻቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ጠይቆ በአማርኛና በዕብራይስጥ ይጻፍ። ወጣቱ ሐረጉን በልጅነቱ ቢያውቅ፣ ልቡ ከመታሰሩ በፊት መንገዱን ይመርጣል፤ ሽማግሌውም ፍቅርን ለመከልከል ከመጠራት ድኖ፣ ኪዳንን ለመመረቅ ይጠራል።