ፏፏቴና አጃይል፦ ሁለቱ የሶፍትዌር ሥራ አመራር መንገዶች

በቆየው የሶፍትዌር ሥራ አመራር መጀመሪያ ፍላጎት ይሰበሰባል፤ ከዚያ ንድፍ ይወጣል፣ ኮድ ይጻፋል፣ ይፈተሻል፣ በመጨረሻም ለተጠቃሚው ይደርሳል። አንዱ ምዕራፍ ተፈርሞ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ውሃ ሽቅብ አይፈስምና አካሄዱ «ዋተርፎል»፣ ማለትም ፏፏቴ ተባለ። ብዙዎች መነሻው አሜሪካዊው ዊንስተን ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ጽሑፍ ነው ይላሉ። የሚገርመው ሮይስ የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል በሥዕል ያስቀመጠው በዚያ መልክ ብቻ መሥራት አደገኛ መሆኑን ለማሳየት ነበር፤ ፏፏቴ የሚለው ስምም በጽሑፉ ውስጥ የለም።

አጃይል ስሙን ያገኘው በ2001፣ 17 ባለሙያዎች በዩታ ግዛት ስኖውበርድ ተሰብስበው ማኒፌስቶ ባወጡ ጊዜ ነው። ከአጃይል ስልቶች የሚመደቡት ስክረምና ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ ግን ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ ይሠራባቸው ነበር።

አጃይል ዕቅድ የለውም የሚለው ወቀሳ ስህተት ነው። በፏፏቴ የሥራው ስፋት በውል ይታሰራል፤ ሥራው ሲከብድ የሚለጠጡት ጊዜና ገንዘብ ናቸው። በስክረም የሚታሰረው ጊዜው ነው፤ የማይደረስበት ሥራ ለቀጣዩ ዙር ይተላለፋል። ስፕሪንት የሚባለው ዙር ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ቡድኑ በየቀኑ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ተገናኝቶ ሥራው የት እንደደረሰና ምን እንደያዘው ይነጋገራል፤ በዙሩ መጨረሻ የሚሠራ ነገር ለባለጉዳዩ ያሳያል። መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት «ይህን ቅጽ እኛ ከፊርማው በኋላ ነው የምንሞላው» ብትል እርማቱ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። በፏፏቴ ይህ አስተያየት የሚሰማው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በርክክቡ ዕለት ነው።

የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ሁለቱንም ቀምሷል። የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ለማላቀቅ ያሠራው ቨርቹዋል ኬስ ፋይል 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በ2005 ተጣለ። ሴንቲኔል የተባለው ምትኩ በምዕራፍ ተከፋፍሎ ለተቋራጭ ቢሰጥም ተጓተተ። መሥሪያ ቤቱ በ2010 ሥራውን ራሱ ተረክቦ፣ ቡድኑን አሳንሶ፣ በሁለት ሳምንት ስፕሪንት ቀጠለ፤ ሥርዓቱም በ2012 ሥራ ጀመረ። ተቋራጩ ከፊሉን አስቀድሞ ሠርቶት ስለነበር ምስጋናው ሁሉ የአጃይል አይደለም።

የአውሮፕላን መቆጣጠሪያና የሕክምና መሣሪያ ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ደረጃ የሰነድ ማስረጃ ስለሚጠየቅበት የቆየው ሥርዓት እዚያ አልተነቀለም። ዋጋው ቀድሞ የሚቆረጥ የመንግሥት ጨረታም ወደ ፏፏቴ ያደላል። በዚህ የተነሳ ብዙ ድርጅቶች ለውሉና ለበጀቱ ምዕራፎችን ይዘው፣ ኮዱን በስፕሪንት ይጽፋሉ።