የፋሲካ ቢላዋ በለገሃር



የሃምሳ አምስቱ ቀን ጾም ሲገባደድ በየቤቱ ስለ ዶሮው፣ ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ቅቤውና ስለ ቅርጫው ብዙ ይነገራል። ስለ ቢላዋው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ቢላዋ የሚታወሰው በቀዳም ሥዑር ምሽት ዶሮው ከተያዘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከመሳቢያ ይወጣና በሲኒ መቀመጫ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተፈትጎ «ይበቃዋል» ይባላል።

እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ካቻምና በቤታችን በስመ አብ ብለን ያነሣነው ቢላዋ በአንድ ጊዜ መቁረጥ ተስኖት ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ልጆች ቆመው ያዩ ነበር። የሥላሴን ስም በጠራንበት እንስሳ ላይ በገዛ ስንፍናችን ስቃይ ጨመርንበት፤ ይህንም ከአንባቢ መደበቅ አልወደድንም።

ስለዚህ ዓምና በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን አስቀድሞ፣ ሁለት ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለን ለገሃር ወረድን። በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የምድር ባቡር ጣቢያ ለሰፈሩ የፈረንሳይኛ ስሙን አውርሶታል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የጅቡቲው ባቡር መነሻ ወደ ከተማው ዳር ቢርቅም ሰፈሩ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። በአካባቢው ከአንድ ግንብ ጥግ ቢላዋ የሚስሉ አንድ አረጋዊ ባለሙያ አገኘን። ሌሎች በብስክሌት ላይ የተገጠመ ድንጋይ በእግራቸው እየመቱ ሲያዞሩ እርሳቸው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር አላቸው። በሞተሩ አንድ ወገን የመሳያ ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ደግሞ በሁለት መዘውሮች ላይ የተወጠረ የቆዳ ቀበቶ ይሽከረከራል። ቆዳው ምን እንደ ነበር ብንጠይቃቸው ሳቁ፤ «የወገብ ቀበቶዬ ነበር» አሉን።

ብዙዎቻችን ሥራው በድንጋዩ የሚያልቅ ይመስለናል። ድንጋዩ ግን የሚሠራው ግማሹን ነው፤ ቸኩለው ከያዙትም ያበላሻል። የወጥ ቤት ቢላዋ በፋብሪካ በእሳት ከጠነከረ በኋላ፣ በቀላሉ እንዳይሰበር 200 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት እንደገና ይሞቃል። በድንጋይ ላይ ሲፋጭ ጠርዙ 300 ዲግሪ ደርሶ ሰማያዊ መልክ ካወጣ ጥንካሬው ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ቢሳልም በሳምንቱ ይዶለዱማል። ባለሙያው ቢላዋውን በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ የሚነክሩት ለዚህ ነው። ድንጋዩ ጠርዙን ባሳሳው መጠን ደግሞ በጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች የብረት ትርፍ ታጥፋ ትቀራለች። ይህች ትርፍ ለጣት የተሳለች ትመስላለች፤ የመጀመሪያው አጥንት ሲገጥማት ግን ትተኛለች።

ቆዳው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቀበቶው አረንጓዴ ማለስለሻ ተቀብቷል፤ በዚህ ዓይነት ማለስለሻ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ኦክሳይድ የሚባል እጅግ የላመ ዱቄት ነው። ቢላዋው 20 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ በቀስታ ይነካዋል። ቀበቶው የሚሮጠው ከጀርባው ወደ ስለቱ ነው፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ ስለቱ ቆዳውን በጥሶ ቢላዋውን ከእጅ ያስፈነጥራል። በግራና በቀኝ ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ ትርፏ ትወድቃለች፣ ጠርዙም እንደ መስተዋት ያበራል። የቀድሞ ፀጉር አስተካካዮች ምላጫቸውን በጠፍር ላይ ያመላልሱ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባለሙያው አንድ የጋዜጣ ወረቀት በአየር ላይ ይዘው ቢላዋውን አሳረፉበት፤ ወረቀቱ ያለ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። (የዚህ ጋዜጣ ይሁን የሌላ አላየንም።)

ተራችንን ስንጠብቅ አንዲት ሴት የተሳለላትን ቢላዋ ተቀበለች። ባለሙያው እጃቸውን ቢዘረጉም ገንዘቡን ከጠረጴዛው ጥግ አስቀምጣ ሄደች። እርሳቸው አልተከፉም፤ ወይም አልተከፉ መሰሉ። «ብረት የነካ እጅ መንካት የማይወድ ሰው ዛሬም አለ፤ ለምደነዋል» አሉን።

አፍረን ዝም አልን። በልጅነታችን እኛም ከቀጥቃጭ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ዓይናችንን እንድንሰብር ተመክረናልና፤ ማረሻውንና ማጭዱን ግን ከዚያው ቤት እናመጣ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር ደንግገው ነበር። ወንጌልም ጌታችን የጸራቢ ልጅ ይባል እንደ ነበር ይነግረናል። ይህን በመድረክ የምናስተምር ሰዎች በሠፈራችን ስንቱን ባለ እጅ በስሙ እንደምናውቅ ብንጠየቅ መልሳችን አጭር ይሆናል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 የተጻፈውን ያስታውሷል። በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ እንዳይኖር ፍልስጥኤማውያን ስለ ከለከሉ ሕዝቡ ማረሻውንና ምሳሩን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ ነበር። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ በዕብራይስጡ «ፒም» ተብሏል። ቃሉ ለረጅም ዘመን ተርጓሚዎችን ሲያስቸግር ኖሮ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት በቁፋሮ በተገኙ ትንንሽ የድንጋይ መመዘኛዎች ላይ ተቀርጾ ታየ፤ ክብደታቸው 8 ግራም ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የሚስልለት ሰው ያጣ ሕዝብ ያን ያህል ብር ይመዝን ነበር።

ሁለቱ ቢላዎች ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሱልን። ሒሳቡን በእጃቸው ሰጠናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደምንሄድ ስንነግራቸው የሕጽበተ እግሩ ሰዓት ደርሶ እንደ ሆነ ጠየቁን፤ ቢላዎቹንም ስለታቸውን ወደ ውስጥ አድርገው በወፍራም ወረቀት ጠቀለሉልን።

«ዲያቆን፣ ቅዳሜ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚሁ ነኝ» አሉን። «የጎረቤት ቢላዋ ካለ ይዘው ይምጡ፤ ከማታው ዶሮ በፊት ሁሉም ይደርሳል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሦስት ጎረቤት ቢላዋ ይዘን ተመለስን።