በዐሥራ አንድ ቃላት ግጥም
ልጆቻችን የተማሩትን ሰዋስው በቤት ውስጥ ሕይወት እንስጠው

ልጆቻችንን “ስም ምንድን ነው? ቅጽልስ?” ብለን ብንጠይቃቸው አብዛኞቹ ትርጉሙን እንደ ውኃ ጠጥተውታል። “ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው” ብለው ያለ መንተባተብ ይወጡታል። ስለ እናታችሁ አራት መስመር ጻፉ ሲባሉ ግን ብዕራቸው ይቆማል። የሚሉት አጥተው አይደለም፤ የተሸመደደው ሰዋስውና በልባቸው ያለው ነገር ተገናኝተው ስለማያውቁ ነው። ልቡ ያየውን በቋንቋው መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ፣ ሲከፋውም ሲደሰትም ዝም ማለትን ይለምዳል።

ውድ አንባብያን፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ቀላል ዘዴ አለ። ወረቀት፣ እርሳስና ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ይበቃዋል።

የአምስቱ መስመር ሥርዓት

አደሌድ ክራፕሲ የተባለች አሜሪካዊት ገጣሚ (1878–1914 እ.ኤ.አ.) የጃፓኖችን አጫጭር ግጥሞች ተመልክታ፣ የየመስመሩ ቀለም እየተቆጠረ የሚጻፍ ባለ አምስት መስመር ግጥም ፈጠረች። ሥራዎቿ በመጽሐፍ የታተሙት ከሞተች በኋላ፣ በ1915 እ.ኤ.አ. ነበር። በኋላ መምህራን የቀለሙን ቆጠራ በቃላት ቆጠራና በቃል ክፍሎች ተክተው ለሕፃናት አቀረቡት። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦

በመጀመሪያው መስመር አንድ ስም፤
በሁለተኛው ሁለት ቅጽሎች፤
በሦስተኛው ሦስት ግሶች፤
በአራተኛው አራት ቃላት ያሉት ዓረፍተ ነገር፤
በአምስተኛው ያንኑ ነገር በሌላ መልክ የሚጠራ አንድ ስም።

ጠቅላላው ዐሥራ አንድ ቃል ነው። ቤት መምታት ግዴታ አይደለም። ለምሳሌ ያህል እኛ ያዘጋጀነውን እነሆ፦

ቡና
ጥቁር፣ ትኩስ
ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል
የተኳረፉትን ሁለት ጎረቤቶች ያቀራርባል
አስታራቂ

ሦስቱ ግሶች በዘፈቀደ አልተደረደሩም። ቡናው የሚያልፍበትን ቅደም ተከተል ስለተከተሉ ብቻቸውን ታሪክ ይናገራሉ። የመጨረሻው ቃል ደግሞ ቡናን ከመጠጥነት አውጥቶ ሽማግሌ አደረገው። ልጁ “ግስ ድርጊትን ይገልጻል” የሚለውን ሳይሸመድድ በሥራ ላይ አየው ማለት ነው።

ከነሕው ለሚመጡ ልጆች

በመድረሳ ነሕው የጀመሩ ልጆች የቃል ክፍሎች ኢስም፣ ፊዕልና ሐርፍ መሆናቸውን ያውቃሉ። ታላቁ ሊቅ ሲበወይህ በ8ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው አል-ኪታብም የሚጀምረው በዚሁ ክፍፍል ነው። በዐረብኛ ቅጽል የሚቆጠረው ከኢስም ውስጥ ሲሆን በአማርኛ ሰዋስው ግን የራሱ ክፍል አለው። ስለዚህ ልጁ በሁለተኛው መስመር ላይ ግራ ቢጋባ አንቆጣው፤ ሁለቱን ቋንቋዎች እያነጻጸረ ነውና ልዩነቱን እናስረዳው።

“ጥሩ” እና “ቆንጆ” አይበቁም

ልጆች ስለ እናት ሲጽፉ መጀመሪያ የሚመጣላቸው “ጥሩ፣ ቆንጆ” የሚለው ነው። እነዚህ ቃላት ለጫማም፣ ለሻይም፣ ለመምህርም ይሆናሉ። ለሁሉ የሚሆን ቃል ደግሞ ማንንም ለይቶ አያሳይም። በዚህ ጊዜ “ተሳስተሃል” ከማለት ይልቅ እንጠይቅ፦ “ማለዳ ስትነቃ እናትህ ምን እየሠራች ታገኛታለህ? ስታመሽባትስ ምን ትሆናለች?” መልሱ ራሱ ግጥሙን ያመጣዋል፦

እናት
ጭምት፣ ብርቱ
ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ ትጠብቀኛለች
እኔ ሳልበላ እንቅልፍ አይወስዳትም
ጥላ

እዚህ ላይ “እወዳታለሁ” የሚል ቃል የለም። ይሁን እንጂ የሚያነበው ሰው ፍቅሩን አይስተውም።

“ትጠብቀኛለች” የሚለውንም ለልጆቻችን ከፍተን እናሳያቸው። የምትጠብቀው ማን ናት? እርሷ። የምትጠብቀውስ ማንን ነው? እኔን። አድራጊዋም፣ ድርጊቱም፣ የሚጠበቀውም በአንድ ቃል ውስጥ ታጭቀዋል። አንዳንድ ቋንቋዎች ለዚህ ሦስት ቃል ይፈጁበታል። የእኛ ልጅ በዐሥራ አንድ ቃል ብዙ መናገር የሚችለው ስለዚህ ነው።

ቅጽል ሲጠፋም ከስም ማውጣት ይቻላል። ከተራራ ተራራማ፣ ከጭጋግ ጭጋጋማ፣ ከሆድ ሆዳም፣ ከጸጥታ ጸጥተኛ ይወጣል። ልጆች ይህን ሲያውቁ እንደ ጨዋታ ይይዙታል።

ከፍ ላሉት ልጆች

አምስቱን መስመር ለለመዱ ሰባት መስመር ያለው ሌላ ዓይነት አለ። ከአንድ ስም ተነሥቶ በተቃራኒው ስም ይጨርሳል። ከላይ ወደ መሐል ሁለት ቅጽል፣ ሦስት ግስ፣ አራት ስም ይሆናል፤ ከዚያም ሦስት ግስ፣ ሁለት ቅጽል፣ አንድ ስም እያለ ይጠባል። ዙሪያው ሲታይ የአልማዝ ቅርጽ አለው።

ክረምት
ጭጋጋማ፣ ርጥብ
ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይበቅላል
ጎርፍ፣ ጭቃ፣ ነዶ፣ ክምር
ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይጫናል
ፀሐያማ፣ ደረቅ
በጋ

ምስጢሩ ያለው በመካከለኛው መስመር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች የክረምት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የበጋ ናቸው፤ ወቅቱ የሚዞረው እዚያ ላይ ነው።

ለወላጆች

በመጀመሪያ፣ አርእስቱን ልጁ በዓይኑ ካየውና በእጁ ከነካው ነገር እንምረጥለት። “ሰላም” እና “ዕውቀት” ትልልቅ ስሞች ቢሆኑም ለጀማሪ ይከብዳሉ፤ ምጣድ፣ በግ፣ ዝናብ፣ አያት ይሻላሉ። ሁለተኛ፣ ልጁ ሳይጨርስ የፊደል ግድፈት አንልቀም። ሦስተኛ፣ የልጁን ቃል በእኛ ቃል አንለውጥ፤ ጥያቄ መጠየቅ እንጂ መልስ ማቀበል የእኛ ድርሻ አይደለም።

በዐረብ አገሮችም ሆነ በአውሮፓና በአሜሪካ ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ቢሞክሩት ይጠቀማሉ። አማርኛ እየሰማ በሌላ ቋንቋ የሚመልስ ልጅ ረጅም ደብዳቤ ለአያቱ ጻፍ ቢባል ይሸሻል። ዐሥራ አንድ ቃል ግን አያስፈራውም። “ይላል” ልበል ወይስ “ትላለች” ብሎ ማሰብ በጀመረበት ሰዓት ቋንቋው በአፉ ላይ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አያትም ያቺን አጭር ወረቀት በስልክ ሲነበብላት መልስ አታጣም።

ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንድ ስም እንምረጥ። ትንሹ ቅጽሎቹን፣ ትልቋ ግሶቹን፣ አባት ዓረፍተ ነገሩን ያምጡ። የመጨረሻውን ስም ግን እናት ትስጠው።