ያልተቆጠረ ግዳይ

ስለ ዋልያ መመናመን ሲጻፍ የእርሻ መስፋፋት፣ የከብት ግጦሽና አደን በተርታ ይጠቀሳሉ፤ ይሁን እንጂ የአደን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አዳኙ ተሸክሞት በገባው ሥጋና ቀንድ ስለ ሆነ፣ ተመትቶ ያመለጠውና ገደል ውስጥ የቀረው እንስሳ ከሒሳቡ ውጭ ይሆናል። በስሜን ተራሮች አካባቢ ከዳባትና ከደባርቅ ከተሞች ግርጌ ባሉት ጥሻዎችና ቋጥኞች የሚኖሩት ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስም ከዚህ ዕጣ አያመልጡም።

ልቡ ወይም ሳንባው የተመታ እንስሳ እንኳ ብዙ ጊዜ ባለበት አይወድቅም፤ በርካታ ሜትሮች ሮጦ ነው የሚዘረጋው። ዱካ የሚያነብ አዳኝ የተመታውን አካል ከሚንጠባጠበው ደም ይለያል፦ አረፋ የቀላቀለ ደማቅ ደም የሳንባ፣ ጠቆር ያለው የጉበት፣ የተፈጨ ሣር የተቀላቀለበትና የሚሸት ፈሳሽ ደግሞ የሆድ ዕቃ ምልክት ነው። ሆዱ የተመታው ለብዙ ሰዓታት በሕይወት ስለሚቆይ፣ ወዲያው ከተከተሉት ከተኛበት ተነሥቶ ደም እንኳ ሳያንጠባጥብ ይርቃል። በዚህም ምክንያት እንስሳው ከዓይን ከተሰወረ መታገሥ፣ ገና እየታየ ከቆመ ግን ሳይዘገዩ እንደገና መተኮስ የአደን ደንብ ሆኗል። ሁለተኛውን ጥይት የዒላማ ድክመት ማስረጃ አድርጎ የሚያፍርበት አዳኝ፣ የእንስሳውን ሥቃይ ለራሱ ስም ሲል ያራዝማል።

የመሣሪያው ዓይነትም ድርሻ አለው። በ1874 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ጦር የተመረጠውና በአገራችን ውጅግራ የተባለው ጠመንጃ አንድ ጊዜ ተተኩሶ እንደገና የሚጎረስ ስለ ነበረ፣ ተኳሹ ሁለተኛውን ጥይት እስኪያጎርስ የቆሰለው እንስሳ ጥሻ ውስጥ ይገባል፤ አምስት ጥይት የሚይዘው ምንሽር ይህን ችግር አቃለለው። በምትኩ ግን ሌላ ችግር መጣ። የምንሽርና ከእሱ በኋላ የመጡ ጠመንጃዎች የጦር ጥይት እርሳሱ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ በመሆኑ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ሳይፈነዳና ሳይሰፋ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ይወጣል፤ በ1899 እ.ኤ.አ. በሄግ የወጣው መግለጫ በጦርነት ላይ የከለከለው የሚሰፋው ጥይት፣ እንስሳን በቶሎ ስለሚጥል ለአደን የሚመረጠው ነው። ከወታደር እጅ በተረፈ ጠመንጃና ጥይት የሚያድን ሰው እንግዲህ ለማቁሰል የተመቸ መሣሪያ ይዟል።

በስሜን መልክዓ ምድሩ ራሱ ለአዳኝ አይታዘዝም። ዋልያ የሚውለው አንዳንዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል በሚወርድ ገደል እርከን ላይ ሲሆን፣ ተመትቶ ሲንሸራተት ሰው ሊደርስበት በማይችል ቦታ ወድቆ የአሞራ ሲሳይ ይሆናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 150 ገደማ ብቻ እንደ ነበረ ተገምቶ ነበር፤ እናቲቱ በአብዛኛው አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ፣ የምታጠባ ዋልያ ቆስላ ብትጠፋ ግልገሏም አብሯት ይጠፋል፤ በእንዲህ ያለ አነስተኛ መንጋ ላይ ያልተቆጠሩ ጥቂት ሞቶች ከባድ ናቸው።

በስዊድን ሕግ፣ አጋዘንን የመሰሉ ትልልቅ አውሬዎች ሲታደኑ ቁስለኛን የሚፈልግ ውሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ ይጠየቃል። በብዙ የአፍሪካ የአደን ቀበሌዎችም ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ እንደ ተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። እነዚህ ደንቦች የሚሠሩት ግን አደኑ በፈቃድና በግልጥ ሲካሄድ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በሕግ በታወጀው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን የተከለከለ በመሆኑ፣ በድብቅ የሚተኩስ ሰው የጥይቱ ድምፅ ስለሚያጋልጠው ዱካ ለመከተል ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ ሕገወጥ አደን ከገደለው ይልቅ ያቆሰለውን ጥሎ የመሸሽ ጠባይ ይኖረዋል።

ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። የጥበቃው ሒሳብ ትክክል እንዲሆን፣ በገደል ሥር የዋልያ ሬሳ፣ ቀንድ ወይም ጥይት ያለበት አጥንት ያገኘ እረኛም ሆነ መንገደኛ ያገኘበትን ቦታ ደባርቅ ለሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ።