ዶክተር በሌለበት የሚያክመው ማን ነው?

በገጠር ክሊኒክ ለመክፈት በታሰበ ቁጥር ከማኅበረ ምእመናን አስቀድሞ የሚመጣልን ጥያቄ፣ «ዶክተር አለው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከመልካም ልብ የመነጨ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን በገጠር በሽተኛውን መጀመሪያ የሚያየው፣ ብዙ ጊዜም የሚያድነው፣ ዶክተር አይደለም። ሕዝቡ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ስለሚጠራ ልዩነቱ ተሸፍኖ ቀርቷል። ስለዚህ ይህ ባለ ሙያ ማን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠለጥን በዚህ ገጽ ልናስረዳ ወደድን።

በአሜሪካ «የሐኪም ረዳት» የሚባል ሙያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ በባሕር ኃይል ውስጥ ሕክምና ሲሠሩ የቆዩ 4 ሰዎችን ተቀብለው ማሠልጠን ጀመሩ፤ በ1967 ሦስቱ ተመረቁ። የሐኪም ረዳት በሽተኛ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዝዛል፤ ሥራው ግን ከመጀመሪያው የታሰበው ከሐኪም ጋር እየተመካከረ እንዲሠራ ነው። የእኛ አገር ጤና መኮንን ለዚህ ሙያ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም፣ እሱ የሚመካከረው ሐኪም በሚቀጥለው ክፍል አይገኝም። በክረምት መንገድ ከተቆረጠ ደግሞ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል።

የጤና መኮንን ሥልጠና በኢትዮጵያ የአሜሪካኖቹን በ11 ዓመት ይቀድማል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በአገሪቱ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1964 ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ የራሳችንን ዶክተር የሚያወጣ ትምህርት ቤት አልነበረም። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ መንግሥት በተገኘ ርዳታ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ አቋቋመ። በዚያም ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች አብረው ይማሩ ነበር። ሐሳቡ አንዱ ሲያክም ሌላዋ እናቶችንና ሕፃናትን እንድትከታተል፣ ሦስተኛው ምንጭ እንዲያጎለብትና መጸዳጃ እንዲያስቆፍር ነው። ተማሪዎቹም ከመመረቃቸው በፊት ወደ ገጠር ወጥተው ይህንኑ በኅብረት ይለማመዱ ነበር። ወባ የያዘውን እያከሙ ትንኝ የሚራባበትን ኩሬ መተው ምን ይረባል? በእኛ አስተያየት ከዚህ የተሻለ አሠራር ከዚያ ወዲህ ብዙም አላየንም።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ዶክተር ወደ ማሠልጠን ሲዞር የጤና መኮንን ሥልጠና ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በ2005 ደግሞ 5,000 ጤና መኮንኖችን በአጭር ጊዜ ለማውጣት ታቅዶ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ሥልጠናው ተስፋፋ።

አንዳንዶች ጤና መኮንንን እንደ ግማሽ ዶክተር ይቆጥሩታል። ይህ ስሕተት ነው። እሱ የሚማረው በወረዳው ዘወትር የሚታዩትን በሽታዎች፣ ማለትም ወባን፣ የሳምባ ምችን፣ ተቅማጥን፣ የሳምባ ነቀርሳን፣ የወሊድ ችግርንና የመሳሰሉትን አጥብቆ እንዲያውቅ ነው። ከዚህም የማያንሰው ትምህርት ከአቅሙ በላይ የሆነውን በጊዜ መለየት ነው። ምጥ የጠናባትን እናት እንውሰድ። የሕፃኑ ራስ አልወርድ ሲል፣ የማኅፀኑ በር መከፈቱን ሲያቆም፣ ወረቀቱ ላይ በየሰዓቱ የተመዘገበው ነገር ይናገራል። በዚያን ጊዜ ግሉኮስ ሰክቶ፣ ሽንቷን በጎማ አውጥቶ፣ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ፣ ከአዋላጅና ከደብዳቤ ጋር ወዲያው ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። «እስኪ እስከ ንጋት እንይ» ካለ ማኅፀኗ ሊቀደድ፣ ሕፃኑም እሷም ሊሞቱ ይችላሉ። ብትተርፍም ፊስቱላ ይዛ ልትኖር ትችላለች።

እናቲቱ ሆስፒታል ስትደርስስ የሚቀድዳት ሰው አለ ወይ? በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ለዚህ የመጣ ነው። ልምድ ያላቸው ጤና መኮንኖች ለ3 ዓመት በማስተርስ ደረጃ ተምረው፣ ሕፃኑን በኦፕራሲዮን ማውጣትንና ትርፍ አንጀትን የመሰለ አጣዳፊ ቀዶ ጥገና ይሠራሉ። ሞዛምቢክም ከ1984 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ሄዳለች።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። እኛ ርዳታ ሰጪዎች ሕንፃና መድኃኒት እንወዳለን፤ ፎቶግራፍ ይነሣሉና። ጤና መኮንኑን በየጊዜው እየሄደ የሚያይ፣ መዝገቡን አብሮ የሚያገላብጥ፣ «ይህን በሽተኛ ለምን አቆየኸው?» ብሎ በወንድማዊ መንገድ የሚጠይቅ ልምድ ያለው ሐኪም ግን በበጀታችን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ብቻውን ለዓመታት የተቀመጠ ባለ ሙያ የተማረውን ይረሳል፣ ወይም ከተማረው በላይ ይደፍራል። ወደ ላይ የሚያድግበት መንገድ ካላየም ሙያውን ለቆ ይሄዳል።

ስለዚህ የክሊኒክ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ፣ ጤና መኮንኑን የሚጎበኘው ሐኪም ማን እንደ ሆነ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ሌሊት ምጥ የጠናባት እናት በምን መኪና እንደምትሄድና ነዳጁን ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። የፕሮጀክት ሠራተኞችም መልሱን በዕቅዱ ላይ ከነሂሳቡ እንዲያሰፍሩ እንለምናለን።