ጌጥ የሚመስል መመሪያ

ካፌና ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አንድ ዓይነት ሥዕል አለ፤ በቀጭን ጥቁር መስመር የተነደፈ አሮጌ መሣሪያ፣ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር የተሰጠው። ምንጩ የፓተንት መዝገብ ነው። የፈጠራ ባለቤት ማመልከቻውን ሲያስገባ የሚያያይዘው ንድፍ ዛሬ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ ለጌጥ ይሸጣል። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1880 ፓተንት ያገኘበት አምፖልና የራይት ወንድማማቾች በ1906 የተፈቀደላቸው የበረራ ማሽን በብዛት ከሚታዩት ናቸው።

የነዚህ ንድፎች ውበት ከደንብ የመጣ ነው። በአሜሪካ ወግ ብርሃን ከግራ በኩል ከላይ እንደሚወርድ ይቆጠራል፤ ጥላ የሚያርፍበት ጠርዝ ወፈር ተደርጎ ይሠመራል። ዓላማው ሙያተኛ አይቶ እንዲሠራው ነውና ለማሳመር ብቻ የገባ መስመር አይኖርም።

በአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987 ጥበቃ የሚሰጠው ለአዲስ ፈጠራ ነው። ከደንገል (ፓፒረስ) የሚሠራው የጣና ሐይቅ ታንኳ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ዕድሜው ከሕጉ ይበልጣል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ደንገሉን አጭደው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ከዚያ ነዶ በነዶ እያሰሩ አፍንጫውን ወደ ላይ ይቀስሩታል። ደንገል ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ መልስ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ያለው በእጅ እንጂ በወረቀት አይደለም።

ንድፍን እንደ ጌጥ ማየት ምን እንደሚያስከፍል የጣና ደንገል ራሱ አሳይቷል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ከጣና በተጫነ ደንገል ግብፅ ውስጥ አሠራ። ሠሪዎቹ የቻድ ሐይቅ ሰዎች ነበሩ፤ አርአያው ደግሞ የጥንት ግብፃውያን የመቃብር ሥዕል። በሥዕሉ ላይ ከተጠማዘዘው የጀልባዋ ጭራ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ አለ። ጭራውን አጥፎ ለመያዝ ብቻ የታሰረ መስሏቸው፣ ቅርጹ ሲጸና ፈቱት። ገመዱ ግን የኋላውን ወለል ደግፎ የሚይዝ ነበር። ባሕር ላይ ኋላዋ እየሰመጠ ሄደ፤ ጀልባዋም ባርባዶስ ሳትደርስ ቀረች። በቀጣዩ ዓመት በቲቲካካ ሐይቅ ባለሙያዎች የተሠራችው «ራ 2» ደረሰች።

እንግዲህ የባሕር ዳር ሠዓሊ ታንኳን በፓተንት ወግ ልሣል ካለ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከሠሪው ጋር ተቀምጦ የእያንዳንዱን ማሰሪያ ሥራ መጠየቅ ነው።