ከሰል ከማገዶነት ሌላ ስላለው ጥቅም

በጅቡቲ ከተማ ከሰል ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ምድጃን ነው። ሆኖም ከእንጨት፣ ከቡና ገለባና ከሌላም የእርሻ ትራፊ ተዘጋጅቶ ለእርሻና ለፋብሪካ ሥራ የሚውል፣ ባዮቻር የሚባል የከሰል ዓይነት አለ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የደረቀው ትራፊ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ምድጃ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ይከስላል። ተክል በሕይወቱ ሳለ ከአየር የወሰደው ካርቦን ሲበሰብስ ወይም ሲቃጠል ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል፤ ሲከስል ግን ከፊሉ በቀላሉ የማይበሰብስ ጠጣር ሁኖ ለብዙ መቶ ዓመታት በመሬት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከክብደቱ 80 በመቶው ካርቦን የሆነ አንድ ቶን ባዮቻር ወደ 3 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እንደ መውሰድ ይቈጠራል። ስለዚህ አንዳንድ ታላላቅ ኩባንያዎች ዛሬ ለዚህ አገልግሎት ገንዘብ ይከፍላሉ።

በኢንዱስትሪም በኩል ባዮቻር በጥቂት መጠን ከአርማታ ጋር ይደባለቃል፤ ውሃን ለማጣራትና በብረት ማቅለጫ የድንጋይ ከሰልን በከፊል ለመተካትም ይሞከራል። የስቶክሆልም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 የአትክልት ትራፊን የሚያከስል ፋብሪካ ከፍታ ከሰሉን ለመንገድ ዳር ዛፎች፣ ሙቀቱን ለቤት ማሞቂያ አውላዋለች።

በኢትዮጵያ ደጋ ሰፊ የእርሻ መሬት በአሲድ የተጐዳ ስለሆነ፣ እንደ ኖራ አሲድን የሚቀንሰው ባዮቻር ተስማሚ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ሁነው ከእንስሳት አጥንትና ከእርሻ ትራፊ የሚዘጋጅ ማዳበሪያን መርምረዋል።

የጅቡቲ መሬት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዝናቡ ጥቂት፣ አፈሩም አሲድ የሌለበትና በብዙ ቦታ ጨዋማ ነው። ስለሆነም በአምቡሊ የአትክልት ቦታዎች ከባዮቻር የሚጠበቀው ጥቅም በአሸዋማ መሬት ውሃን መያዙ እንጂ አሲድን መቀነሱ አይደለም። አመድ የበዛበት ከሰል ጨውን ሊያባብስ፣ ብቻውን የተበተነም ከሰል የተክሉን ናይትሮጅን ሊሻማ ይችላል። ስለዚህ ገበሬው አስቀድሞ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ደባልቆ በትንሽ መደብ ላይ ይሞክረው።

ለማክሰያ የሚሆነው እንጨትስ ከየት ይምጣ? በአፋር ክልል ደርጊ ሐራ የሚባለው እሾኻሙ ፕሮሶፒስ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል፤ በጅቡቲ ወንዞች ዳርም ተስፋፍቷል። ዛፉ ከግንዱ ቢቈረጥ መልሶ ስለሚያቈጠቍጥ ጉቶው ከመሬት በታች ሊቈረጥ ይገባል፤ ፍሬውን የበሉ ከብቶችም ዘሩን በፋንድያቸው ይበትናሉ። ከሰሉ ዋጋ ሲያገኝ ግን ግራሩም አብሮ እንዳይጨፈጨፍ ባለሥልጣኖች ሊቈጣጠሩ ይገባል። በአፈር ተከድኖ የሚከሰለው ልማዳዊ ከሰል ደግሞ ብዙ ሜቴን ስለሚያወጣ ጢሱ የሚቃጠልበት ምድጃ ያስፈልጋል። እነዚህ ካልተጠበቁ አየሩን እናጠራለን ስንል አገሩን ማራቈታችን ነው።